ባለ ሁለት ዓምዱ ወረቀት

ዮአብ ያችን ወረቀት ለማዘጋጀት ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። አንድ ገጽ ብቻ ናት። በግራ አንድ ዓምድ፣ በቀኝ አንድ ዓምድ፣ ከላይ እስከ ታች አስራ ሁለት ረድፍ። ሰው «ይኼ ልጅ ወደ አንዱ ያደላል» እንዳይለው የሁለቱ ዓምዶች ስፋት እንኳ እኩል መሆኑን ደጋግሞ አይቷል።

ሥራውን የሰጠው እድሩ ነው። በዳላስና በአካባቢው የሚኖሩ ስልሳ አራት ቤተሰቦች በየወሩ ሠላሳ ሠላሳ ዶላር ያዋጣሉ። ሰው ሲሞት እድሩ ወይ እዚሁ ያስቀብራል፣ ወይ አስከሬኑን አገር ቤት ይልካል። ምርጫው የቤተሰቡ ነው፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ባንክ የተጠራቀመው ገንዘብ መቶ አስራ ስምንት ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር። ባንኩ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ በዓመት የሚከፍለው ወለድ ግን አንድ ሰው ምሳ ቢበላበት የሚያልቅ ነው።

ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ ሹፌሮች ናቸው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው የመጠበቂያ ሜዳ መኪናቸውን አሰልፈው ተራ ሲጠብቁ ወሬያቸው ስቶክ፣ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ነው። እገሌ ስልኩ ላይ ገዝቶ እጥፍ አደረገ፤ እገሌ በትርፉ የልጁን የኮሌጅ ክፍያ ዘጋ። ወሬው ከሜዳው ተነሥቶ እድሩ ስብሰባ ላይ ሲደርስ «የእኛ ገንዘብ ባንክ ተጋድሞ የሚያንቀላፋው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሆነ። ሊቀመንበሩ አቶ መንገሻ ጥያቄውን በደስታ ተቀበሉ። ስድስት ሊሞዚን ያላቸው፣ ነገር ተንጠልጥሎ ሲያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። በሳምንቱ ሁለት ስም ይዘው ለዮአብ ደወሉለት።

«ሁለቱም ኢንዴክስ ፈንድ ነው የሚባሉት» አሉት። «አንድ አክሲዮን ገዛህ ማለት ብዙ ኩባንያ በአንዴ ገዛህ ማለት ነው። አንዱ መቶ ትልልቅ ኩባንያ ነው፤ አንዱ ንጹህ ቴክ። የትኛው ይሻላል? ያለ አድልዎ ንገረን። አንተ ተምረህበታል፤ እኛ በወሬ ነው።»

ዮአብ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በአስር ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር መጥቶ፣ እዚሁ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ኧርቪንግ ውስጥ ባለ የመስታወት ሕንፃ የሌሎችን ሒሳብ ይመረምራል። ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ሲጠየቅ ደግሞ «በአንድ በኩል» ሳይል አይጀምርም። «ይኼ ልጅ በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል ሲል ሚስት ሳያገባ ሊቀር ነው» ይሉታል የእድሩ ሴቶች። እሱም አብሮ ይስቃል።

ስብሰባው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ በነበረው የመጀመሪያው እሑድ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ነበር። ከአባላቱ አንዱ እዚያ ስለሚሠራ አዳራሹን በቅናሽ ያገኙታል። በየጥቂት ደቂቃው አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ተናጋሪው ማንም ሳያዘው ዝም ይላል፤ ሲያልፍለት ካቆመበት ይቀጥላል።

ዮአብ ወረቀቱን አድሎ ረድፍ በረድፍ አስረዳ።

«በግራ ያለውን መቶዎቹ እንበለው። ከግማሽ በላይ ቴክኖሎጂ ነው፤ ግን ትልልቅ መደብሮችም፣ ለስላሳ መጠጥም፣ መድኃኒትም አለበት። በቀኝ ያለው ኮምፒውተር፣ ሶፍትዌር፣ ቺፕ ብቻ ነው። ስታዩት ብዙ ኩባንያ ይመስላል፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሦስት ኩባንያ ላይ ነው ያረፈው።»

«የሚያስከፍሉትስ?» አለ ገንዘብ ያዡ ብርሃኔ። ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው፤ የሚጠይቀው ሁሉ አጭር ነው።

«ከሺህ ዶላር ላይ በዓመት ግራው ሁለት ዶላር አይሞላም፤ ቀኙ አንድ ዶላር አይሞላም።»

«ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ብንገዛ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሁለቱም ውስጥ ያሉት እነዚያው ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላውም አብሮ ይወድቃል። ሁለቱን ስለገዛን ተበታተነ ማለት አይደለም።»

«ሶ፣ አንዲት ላም በሁለት ገመድ ማሰር ነው በለኛ!» አሉ ጋሽ እንግዳ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ጋሽ እንግዳ የኤርፖርት ሹፌር ናቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቀልዳቸው ከአፋቸው የማይጠፋ የኮምቦልቻ ሰው።

ዘጠነኛው ረድፍ «በክፉ ዓመት ምን ያህል ይወርዳል» የሚል ነበር። በግራ «ሲሶ ያህል»። በቀኝም «ሲሶ ያህል»። ዮአብ «እዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም» ብሎ አለፈው። ሰውም አለፈው። ሁለቱ ዓምድ ላይ እኩል የተጻፈ ነገር ለመምረጥ አይጠቅምምና ዓይን አያርፍበትም።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ጋሽ እንግዳ እጃቸውን አንሥተው። «ሰው ሲሞትስ? ሞት ገበያ አይቶ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«አንተ ደግሞ!» አሉ አቶ መንገሻ። «ገና ሳንገዛ ሰው ትገድላለህ?»

እንደገና ተሳቀ። ዮአብ ግን ጥያቄውን አክብሮ መለሰ። በአስራ አንድ ዓመት አስራ አንድ ሰው ሞቷል፤ በአማካይ በዓመት አንድ፤ ለጥንቃቄ ሁለት እንበል። ሁለት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ሠላሳ ሁለት ሺህ ዶላር ይበቃል። እሱ ባንክ ይቀመጥ። የቀረው ሰማንያ ስድስት ሺህ ለአስርና ለአስራ አምስት ዓመት የሚቀመጥ ገንዘብ ነው።

«ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው» አለ። «ሲወርድ አይሸጥም። እስካልሸጠ ድረስ አልከሰረም።»

አቶ መንገሻ ይህችን አባባል በጣም ወደዷት። ሁለት ጊዜ ደገሟት፤ ቃለ ጉባኤ ላይም አስጻፏት።

ድምፅ ሲሰጥ መቶዎቹ አሸነፈ። ጋሽ እንግዳ እጃቸውን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርገው «የዚህ ልጅ ሚዛን አይዋሽም» አሉ።

ከስብሰባው በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ዮአብን ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት። ቀልዳቸው አብሯቸው አልነበረም።

«ቅድም ለሳቅ አይደለም የጠየቅሁህ» አሉት። «ሩሐማን ታውቃታለህ። ከእሷ በፊት አንድ ልጅ ነበረችን፤ ማርያማዊት። ዲቪው ደርሶን ልንመጣ ሦስት ወር ሲቀረን በአራት ዓመቷ ሞተችብን። ኮምቦልቻ ቀብረናት አውሮፕላን ተሳፈርን። እናቷ እስከ ዛሬ ‹ልጄን ብቻዋን ትቻት መጣሁ› ትላለች። እኔም ቃል ገባሁላት፤ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝና ልጃችን አጠገብ የምተኛው እኔ ነኝ አልኳት። ይኼን እድር የምከፍለው ለሌላ አይደለም፤ ለዚች ነው።»

«አይስጉ ጋሽ እንግዳ» አለ ዮአብ። «ሒሳቡ ተሠርቷል።»

የፈንዱን አካውንት ለመክፈት ፊርማና ወረቀት ሲመላለስ ስድስት ሳምንት አለፈ። ገንዘቡ የገባው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ገበያው ጫፍ ነክቶ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ ሰው ልብ አላለውም። ከዚያ የታሪፍ፣ መንግሥት በውጭ ዕቃ ላይ የሚጥለው አዲስ ቀረጥ ወሬ መጣ፤ መጋቢት ሲገባደድም የመጠበቂያው ሜዳ ወሬ ሁሉ ስለ እግር ኳስ ሆነ። ስልኩን አውጥቶ ለጓደኛው የሚያሳይ ሰው ጠፋ።

ሞትም በአማካይ አልመጣም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለት አባላት ሞቱ። አንዱ ተላከ፤ አንዷ እዚሁ ተቀበረች። የሁለት ወር መዋጮ ተጨምሮበት እንኳ ባንክ የቀረው አስር ሺህ ዶላር ሆነ።

ጋሽ እንግዳ የሞቱት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጠበቂያው ሜዳ ላይ ተራ ይዘው ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የእሳቸው መኪና አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባ ነፋ፤ ደገመ፤ ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ። እጃቸው መሪው ላይ ነበር። ልባቸው ነው አሉ። በዚያ ቀን ገበያው የተዘጋው በጠና ወድቆ ነበር፤ የእድሩ ሰማንያ ስድስት ሺህ ስልሳ ሰባት ሺህ ተኩል ሆኖ ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ መንገሻ፣ ብርሃኔና ዮአብ በስልክ ተሰበሰቡ።

«ባንክ አስር ሺህ አለን» አለ ብርሃኔ። «እዚህ ማስቀበር ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ። መላክ አስራ ስድስት ሺህ። ቤተሰቡ መላክ ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያው ከፈንዱ ስድስት ሺህ እንሽጥ» አለ ዮአብ።

መስመሩ ላይ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«አንተ ነህ ይኼን የምትለው?» አሉ አቶ መንገሻ። «‹ሲወርድ አይሸጥም› ያለው ማነው? ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ነው። ላንብብልህ?»

«አውቃለሁ ጋሽ መንገሻ። ግን ደግሞ...»

«ካልሸጥን አልከሰርንም፤ ቃሉ ያንተው ነው። ከሸጥን ግን ኪሳራ ተብሎ ይጻፋል። የተጻፈ ነገር ደግሞ ለስልሳ አራት ቤተሰብ ይነበባል። አሁን ስንት እንደወረደ የሚያውቀው ማነው? እኛ ሦስታችን ነን። ነገ አንዱ ተነሥቶ ‹ድርሻዬን ስጡኝ› ካለ ሁሉም ይከተለዋል። አስራ አንድ ዓመት የገነባነው እድር በአንድ ሳምንት ፈረሰ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ብለን ስልሳ ሦስቱን እንበትን?»

«ከኪሳችን ሁለት ሁለት ሺህ ብናወጣስ?» አለ ብርሃኔ።

«ዛሬ አወጣህ። በሚቀጥለው ወር ለሚሞተውስ? እሱን ምን ልትለው ነው?»

ዮአብ የሌላውን ሰው ክርክር ሲሰማ እውነት ያለበትን ቦታ ሳይፈልግ አያልፍም። ፈለገ፤ አገኘም። እድሩ ሊፈርስ ይችላል፤ ውሸት አይደለም። ገበያው ሊመለስ ይችላል፤ እሱም ውሸት አይደለም። የራሱን ቁጠባ አሰበ። ከስድስት ሺህ ይበልጣል። ግን እዚያው ፈንድ ውስጥ ነው፤ እሱም ሲወርድ አይሸጥም። ይኼን ሐሳብ ጮክ ብሎ አልተናገረውም።

«ደንቡ ምርጫው የቤተሰቡ ነው ይላል» አለ በመጨረሻ።

«እኛ መቼ ከለከልን?» አሉ አቶ መንገሻ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አንተ ሁለቱንም መንገድ አዘጋጅተህ አስረዳቸው። ያለ አድልዎ። አንተን ያምኑሃል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሌዊስቪል ሄዱ። እነ ጋሽ እንግዳ የሚኖሩበት አፓርትመንት ከአንድ ትልቅ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ጀርባ ነው፤ የጭነት መኪኖች ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚያሰሙት ጩኸት ለቅሶ ቤቱ ድረስ ይዘልቃል። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ተነሥቶ ፍራሽ ተነጥፏል። ባለቤታቸው እትዬ ተዋበች ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በአጠገባቸው ሩሐማ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአባቷን የሥራ ጃኬት ለብሳለች።

ዮአብ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለና ወረቀቱን አወጣ። በግራ «እዚህ ማስቀበር»፣ በቀኝ «አገር ቤት መላክ»። የሁለቱም ወጪ። የሚወስደው ቀን። የኤምባሲ ወረቀት። መቃብሩን ለመጎብኘት ያለው ርቀት። እድሩ ዛሬ ያለው ጥሬ ገንዘብ። የመጨረሻው ረድፍ «ለቤተሰቡ ያለው ትርጉም» ይላል። በግራ «ሩሐማ ቅርብ ናት» ብሎ ጽፏል። በቀኝ ደግሞ «የማርያማዊት መቃብር»።

እትዬ ተዋበች የሟች ልጃቸውን ስም በታተመ ፊደል ሲያዩ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ፤ ዮአብ አስረድቶ እስኪጨርስ አላነሡም።

«ሶ፣ ገንዘቡ አለ ወይስ የለም?» አለች ሩሐማ።

«አለ። ማለቴ፣ ፈንዱ ውስጥ ነው። አሁን ከወጣ ኪሳራ አለው። ከቆየ ይመለሳል።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«በትክክል አይታወቅም። ያለፈውን ስናይ አንድ ዓመትም ሊወስድ ይችላል፤ ሁለትም።»

«ኦኬ። ሁለት ዓመት ዳዲ ፍሪጅ ውስጥ ዌይት ያድርግ?»

«ሩሐማ!» አሉ እናቷ።

«ኖ፣ እማ! እሱ ኤቭሪ መንዝ ከፍሏል። ኤቭሪ መንዝ! እነሱ ብሩን ወስደው ጌም ተጫወቱበት።»

«ጌም አይደለም የኔ ልጅ» አሉ አቶ መንገሻ። «ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው ነው። አባትሽም እጁን አንሥቷል፤ ነፍሱን ይማረውና።»

ሩሐማ ወደ ዮአብ ዞረች። ዮአብ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። እውነት ነው፤ አንሥተዋል።

«እኔ ኦንላይን ሰው እጠይቃለሁ» አለች። «ፍሬንዶቼ አሉ። ሲክስ ታውዘንድ ምንም አይደለም።»

«አይሆንም» አሉ እትዬ ተዋበች። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «አባትሽ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የከፈለው ሲሞት እንዳይለመንበት ነው።»

ከመጋዘኑ የጭነት መኪናው ጩኸት መጣ፤ ሄደ። እትዬ ተዋበች ወረቀቱን አንሥተው ወደ ዮአብ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ አንተ ሁለቱንም አይተሃል። እንግዳም ያምንህ ነበር። የትኛው ይሻላል?»

«ምርጫው የእርስዎ ነው እትዬ ተዋበች። እኔ ያለውን ነው ያስቀመጥሁት።»

«እሺ፤ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ገንዘቡ ዛሬ ከወጣ የሚጎዳ ሰው አለ?»

አቶ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዮአብ አሰበ። ምን ያህል እንደሚጎዳ አላሰላውም ነበር፤ የተጠየቀው ግን ምን ያህል አይደለም፤ የሚጎዳ አለ ወይ ነው።

«በአንድ በኩል...» ብሎ ጀመረና ቆመ። «አዎ። ትንሽ ይጎዳል።»

እትዬ ተዋበች ወረቀቱን አራት ላይ አጠፉት።

«እንግዲያስ እዚህ ይሁን» አሉ። «በእሱ ሞት ሰው አይጎዳ። እሱም አይወድም ነበር።»

ሩሐማ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። አቶ መንገሻ «እግዜር ያክብርልን፤ ትልቅ ሰው ነዎት» አሉ፤ እጃቸውንም ሳሙ። ደረጃውን ሲወርዱ የዮአብን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «በጣም ጥሩ አድርገህ አስረዳህ።»

ጋሽ እንግዳ የተቀበሩት ረቡዕ ነው። መቃብሩ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለ ለጥ ያለ ሣር ነው። ጉድጓዱ በማሽን ተቆፍሮ በአረንጓዴ ምንጣፍ ተሸፍኗል። ማሽኑ ራሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ሰዉ እስኪሄድለት ይጠብቃል። ሁዳዴ ነበር፤ ቄሱ ጾም ባደከመው ድምፅ ፍትሐቱን አደረሱ። ሣጥኑ በሁለት ማሰሪያ ቀስ እያለ ሲወርድ እትዬ ተዋበች አልጮሁም። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው በለሆሳስ አንድ ነገር ይናገራሉ። ዮአብ ቀረብ ሲል ሰማቸው። «ማርያማዊት፣ አባቢ ቀረ። አባቢ ቀረ የኔ እናት።»

ያን ጊዜ ስልኮች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ኪስ ውስጥ፣ ከዚያ ሌላ ኪስ ውስጥ። ሹፌሮቹ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ሸፍነው አዩ፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። የአንዱ ፊት ሊፈካ ብሎ በግድ ተመለሰ። አቶ መንገሻ ከዮአብ ኋላ መጥተው ስልካቸውን በነጠላቸው ስር አሳዩት። ታሪፉ ቆመ ተብሏል፤ ገበያው በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ዓመት ያልታየ መውጣት እየወጣ ነው።

«አየህ?» አሉት በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፤ ለሟቹ ይሁን ለገንዘቡ አይታወቅም። «ትክክል ነበርክ። ብንሸጥ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

ሰው ሲበተን ዮአብ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሣም። እሑድ ዕለት ማስላት የነበረበትን አሁን አሰላው። ስድስት ሺህ ዶላር ለማውጣት ቢሸጡ ኖሮ የሚጻፈው ኪሳራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዶላር ገደማ ነው። ለስልሳ አራት አካፈለው። ለአንድ ቤተሰብ ሃያ አምስት ዶላር ከምናምን ሆነ። ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ ደገመው። ያው ነው። የአንድ ወር መዋጮ እንኳ አይሞላም። በመስተዋቱ ሲያይ ከርቀት ቆሞ የነበረው ማሽን ወደ ጉድጓዱ እየመጣ ነበር።

በመስከረም የእድሩ ዓመታዊ ጉባኤ ተጠራ። ያው ሆቴል፣ ያው አዳራሽ። የፈንዱ ገንዘብ ዘጠና ሦስት ሺህ ደርሷል። አቶ መንገሻ ቁጥሩን ሲያነቡ ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። የመጠበቂያው ሜዳ ስልኮችም እንደገና ወጥተዋል። ባንክ ከሚቀመጠው ላይም ተቀንሶ ይጨመርበት የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ደጋፊው ብዙ ነው። ከዚያ ለዮአብ ተብሎ በመስታወት የተሠራ የምስጋና ሽልማት ወጣ። ስሙ ተቀርጾበታል፤ ከስሙ ሥርም «ሲወርድ አይሸጥም» ይላል።

ዮአብ ተቀበለና ማይክሮፎኑን ያዘ።

«እኔ ምስጋና አይገባኝም» አለ። «ያ ወረቀት ሁለት ዓምድ ነበረው። ሦስተኛ ሊኖረው ይገባ ነበር። ገንዘቡ ከነጭራሹ እዚያ መግባት አለበት ወይ የሚለውን አልጻፍሁም፤ ስላልተጠየቅሁ። ለጋሽ እንግዳ ቤተሰብም እንደዚሁ...»

አውሮፕላን መጣ። ዮአብ ልማድ ሆኖበት አፉን ዘጋ። ድምፁ አዳራሹን ሞልቶ እስኪያልፍ ቆመ። ሲያልፍ አቶ መንገሻ ማይክሮፎኑን ወስደዋል።

«ትሕትናው ነው!» አሉ። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው።» ተጨበጨበለት።

ጭብጨባው ሲበርድ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አንድ እጅ ተነሣ። እትዬ ተዋበች ናቸው። በሌላው እጃቸው የወሩን ሠላሳ ዶላር ይዘዋል፤ አንድም ወር አላቋረጡም። አቶ መንገሻ ራሳቸው ማይክሮፎኑን ሊሰጧቸው ሄዱ። አልተቀበሏቸውም። ቀጥታ ወደ ዮአብ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ እስክሪብቶ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ እትዬ ተዋበች።»

«እንግዲያው ጻፍልኝ። እኔ ስሞት የምላከው ኮምቦልቻ ነው። እሱ እዚህ ከሩሐማ ጋር ይሁን፤ እኔ እዚያ ከማርያማዊት ጋር። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ልጆቹን እንዲህ ተካፍለናል።»

ዮአብ ከሽልማቱ ጋር የተሰጠውን ፖስታ ገልብጦ ጀርባው ላይ ጻፈ።

«ጽፌያለሁ።»

«ያን ቀን ታዲያ» አሉ፣ «ገንዘቡ ወጥቶ ነው የሚጠብቀኝ ወይስ ወርዶ?»

ሰው ሁሉ ወደ ዮአብ ዞረ። አቶ መንገሻ ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ዮአብ በአንድ በኩል አላለም፤ በሌላ በኩልም አላለም።

«አላውቅም እትዬ ተዋበች» አለ።

እትዬ ተዋበች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሠላሳውን ዶላር ለብርሃኔ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ጎሽ» አሉ። «ያን ዕለት ይህችን ብትለኝ ኖሮ።»